«ልጅቱ ተንቀሳቅሳለች»

ሆምጣጤ እኔ ቤት አይገባም። ልጄ አጠገቤ በከፈተቻት ምግብ ቤት ለእንግዶች ሰላጣ ስትሠራ ጠርሙሱን እዚያው ማድቤት ትደብቀዋለች፤ በእኔ በኩል ይዛው ብታልፍ ቀኑን ሙሉ እንደምነጫነጭ ታውቃለች። «አባባ ደግሞ፣ ሆምጣጤ ምን አደረገህ?» ትለኛለች። ሆምጣጤ ምንም አላደረገኝም። ጠረኑ ነው። የራጅ ፊልም በመድኃኒት ይታጠብ በነበረበት ዘመን፣ ፊክሰር የምንለው ፈሳሽ ልክ እንደ ሆምጣጤ አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። ከእጄ አይለቅ፣ ከሸሚዜ አይለቅ፤ እንጀራ ስቆርስ እንኳ ይሸተኛል። ያኔ እኮራበት ነበር፤ የሞያ ሽታ ነው እላለሁ። አሁን ሲሸተኝ የሚታየኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ትንፋሿን ይዛ የተጋደመች የሰባት ዓመት ልጅ። ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ስንት ጠላ ጠጥቼ አላወጣሁትም። ያወጣችብኝ ራሷ ናት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ሰላም ደወለችልኝ። ሰላም ዛሬ እዚህ ላሊበላ ሆስፒታል ራጅ የምታነሳ ባለሙያ ናት። ሥራ በቀለላት ቀን እየመጣች ታጫውተኛለች፤ እንደ ከተማው ሁሉ እሷም «ጋሼ ራጁ» ነው የምትለኝ። የዛሬ ልጆች ስሜን ሲሰሙ ሕንድ አገር የኖርኩ ይመስላቸዋል። «ጋሼ፣ አንዲት እናት አስጨንቃኛለች» አለችኝ። «የሁለት ዓመት ልጇ ታነክሳለች። ሐኪሙ የዳሌዋን ራጅ አዟል። እናትየዋ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ልጄን ራጅ አላስነሳም ብላ በሩ ላይ ተቀምጣለች። እርስዎ የገጠሩን ሰው ያውቁበታል፤ ይምጡና ያግባቡልኝ።»

«ምን ሆንኩ ነው የምትለው?»

«በልጅነቴ የተነሳሁት ራጅ ነው ማኅፀኔን ያቃጠለው፤ ልጄን እንዲህ ያደረጋት እሱ ነው ትላለች። ራሷም ታነክሳለች፣ ጋሼ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ራጅ የተነሳ አንካሳ ልጅ በላስታ አንድ ብቻ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ባርኔጣዬን ደፋሁና ባጃጅ አስቆምኩ።

ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ እኔ ቁልቁል ወደ ድሮው ወረድኩ። በዚያ ጊዜ ባጃጅ ማን አይቶ፤ ሰው በእግሩ ነው፣ ከበድ ያለ ሰው በበቅሎ ነው። የምሠራባት ክሊኒክ ከዚህ ራቅ ትላለች። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ከደሴ ራጅ ማንሳት ተምሬ የመጣሁ ሰሞን ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም። ወልድያ ያሰፋሁት ቡናማ ሱሪ ነበረኝ፤ እጥፋቱ እንዳይጠፋ ማታ ፍራሽ ሥር አንጥፌ እተኛበታለሁ። ነጭ ጋዋን፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፤ አንዱ አይጽፍም፣ ለማማር ነው። ሻይ በስሙኒ በሚጠጣበት ዘመን እኔ ሁለት ሁለት ነበር የማዝ። ገበሬው «ዶክተር» ሲለኝ አላርመውም። እንዲያውም አንዳንዱ «አቶ» ሲለኝ ቅር ይለኝ ነበር። የዚያ አገር ሰዎች በሰው ገላ ውስጥ ያለውን አጥንት በመስኮት እንደሚያይ ሰው አድርገው ነበር የሚያዩኝ፤ እኔም ያንን አምኜ ተቀምጬ ነበር።

ከክሊኒኳ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። በሯ ሰማያዊ፣ ወንበሮቿ የቢራ ሳጥን። እመቤቷ አልማዝ ትባላለች፤ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ በአረንጓዴ ሻሽ ታስራለች፣ እግሯ ላይ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ቢሆንም እሷ ስትራመድበት የቆዳ ይመስላል። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቀይ ቴፕ አለ፤ ካሴቱ ሲላላ በእርሳስ እያጠነጠነች ትመልሰዋለች። ዘፈኑ ለሁሉም ይሰማል፤ እስከ ጨለማ ክፍሌ ድረስ ይገባል። ጨለማ ክፍል የምለው ፊልም የሚታጠብበትን ነው፤ ፊልሙ በመጀመሪያው መድኃኒት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ተነክሮ መውጣት አለበት፤ ካለፈ ይጠቁራል፣ ምንም አይታይበትም። የክፍሉ ሰዓት ተሰብሮ ነበር። ሌላ ይላክልን ብለን ጽፈን መልስ አጣን። እኔ ምን አደረግሁ? በአልማዝ ዘፈን መለካት ጀመርኩ። አንድ ዘፈን ሲጀምር ፊልሙን እነክራለሁ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ አወጣለሁ። ብልህነቴን ለሰው ሁሉ አወራ ነበር። ችግሩ፣ ፊልሙን ነክሬ መንገዱን ተሻግሬ አልማዝ ዘንድ መቀመጥ ስጀምር መጣ። አንዱ ዘፈን ያልቃል፤ ሌላው ይቀጥላል፤ እሷ ትስቃለች፤ እኔ ፊልም ውሃ ውስጥ እንዳለኝ እረሳለሁ። ሮጬ ስመለስ ፊልሙ እንደ ምጣድ ጠቁሮ አገኘዋለሁ።

ወደ ውጭ ወጥቼ ግን «ዘፈን ስሰማ አቃጠልኩት» እላለሁ እንዴ? ዶክተር ነኝ እኮ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ ለሁሉም የምትሆን። «ልጅቱ ተንቀሳቅሳለች።» ወይም ልጁ። ሰው ሲንቀሳቀስ ምስሉ እንደሚደበዝዝ ፎቶ ተነስቶ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይጠረጥርም። አዋቂ ላይ ይህን ማለት ያስፈራኝ ነበር፣ ይከራከራላ። ልጅ ግን አይከራከርም። የተበላሸውን ፊልም ጠቅልዬ ሽንት ቤት ጉድጓድ እጥለዋለሁ፣ ልጁ እንደገና ይጋደማል፣ እንደገና ይነሳል።

አለማወቅ ነበር እንዳልል ተምሬያለሁ። ደሴ ያስተማሩን ሰውዬ ይህችን ነገር እየደጋገሙ ይነግሩን ነበር፤ ራጅ በዘር ላይ፣ ገና ባልተወለደ ላይ፣ ምን እንደሚያደርግ በእርግጥ አይታወቅም፤ ስለዚህ ልጅ ላይ አንድም የማያስፈልግ ራጅ እንዳታባክኑ፤ በተለይ ዳሌና ታችኛው ሆድ ላይ ተጠንቀቁ ይሉ ነበር። ለመከለያ የሚሆን፣ ራጅ የማያሳልፍ የእርሳስ ብረት ተልኮልን ነበር። አንዱ የአዋቂ ሽርጥ ነው፤ እሱን እኔ እለብሰዋለሁ፣ አንድም ቀን አልረሳሁትም። ሌላው በጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ልጆች ላይ፣ ከእምብርት በታች የሚደረግ። የክሊኒካችን በር በነፋስ ይንጓጓ ነበር፤ ያችን ቁራጭ በር መያዣ አደረግኋት። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል። ለራሴ ሽርጥ፣ ለበሩ መከለያ፣ ለልጁ ምንም።

መሪጌታ ሞላ ልጃቸውን ይዘው የመጡት በዚህ መሀል ነው። ከሙጃ ወዲህ ካለ ደብር፣ አንድ ቀን ተኩል በእግር፣ ልጅቱን በጀርባና በትከሻ እያፈራረቁ ተሸክመው። ነጭ ጥምጥም፣ የታጠበ ነጠላ፣ በእጃቸው ጭራ። ልጅቱ ትርንጎ ትባላለች፤ ከእናቷ ሆድ ጀምሮ ዳሌዋ ከቦታው ወጥቶ፣ ወጌሻ አሽቶ ቢያቅተው ነው ወደኛ የመጡት። መሪጌታ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ቃል ካገኙ ሳያገላብጡ አይለቁም። ገና በሩ ላይ፣ «አየህ ልጄ፣ ራጅና አራጅ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩ። በሬ ካራጁ ይውላል ይሉ የለም? እኛም ዛሬ ታንተ ልንውል ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ልጅቱ ግን የአባቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ እኔን ትመለከታለች።

አነሳኋት። ነክሬ ወጣሁ። ያን ቀን አልማዝ አዲስ ካሴት ከደሴ አስመጥታ ነበር። ስመለስ ፊልሙ ጠቁሯል። «ልጅቱ ተንቀሳቅሳለች» አልኩ። ሁለተኛ አነሳሁ። እንደገና ተሻገርኩ፤ ካሴቱን ወደ ሌላው ጎን ገልብጣው ነበርና የመጀመሪያውን ዘፈን ልስማ ብዬ። «የኔታ፣ አሁንም ተንቀሳቅሳለች» አልኩ። መሪጌታ የዋህ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም በሰው ፊት አፈሩ መሰለኝ፣ በጭራው እጀታ ትከሻዋን መታ አደረጓት። «አንቺ ልጅ፣ እረፊ እንጂ! የሐኪሙን ነገር አታባክኚ!» አላለቀሰችም። ሦስተኛውን ሳነሳ ትንፋሿን ይዛ ፊቷ ሲጠቁር አይቻለሁ። እያየሁ ነው ቁልፉን የተጫንኩት። ሦስተኛው ደህና ወጣ፣ ምክንያቱም አልማዝ ቴፑን አጥፍታ ገበያ ወጥታ ነበር።

መሪጌታ ሲወጡ፣ እየተከዙ፣ «ሙታን እንኳ የሚነሱት አንዴ ነው። የኔ ልጅ ስንት ጊዜ ትነሳ?» አሉኝ። ቃሉ እንዴት እንደተገላበጠላቸው አድንቄ ማታውኑ ለጓደኞቼ አወራሁት፤ ሳቁልኝ። ከዚያ በኋላ በዓመቱ ውስጥ ለክትትል ደጋግመው መጡ። አንዴ ደህና ይወጣል፣ አንዴ ይቃጠላል። ስንት ጊዜ እንደተነሳች ብጠየቅ ዛሬ አላውቅም። በመጨረሻው ጊዜ መሪጌታ ሳይነገራቸው፣ ገና ከመጀመሩ፣ ነጠላቸውን አውልቀው የልጅቱን ሁለት እግር ጠረጴዛው ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። «እንግዲህ አትንቀሳቀስም» አሉኝ። እኔም «ጥሩ አደረጉ፣ የኔታ» አልኳቸው።

ባጃጁ ሆስፒታሉ በር ላይ አቆመኝ። ሴትዮዋ ከራጅ ክፍሉ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ አርባ ይሆናታል፣ ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ልጇ ጭኗ ላይ የሰላምን የእጅ ጓንት ነፍታ ትጫወታለች። ሰውነቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ስታየኝ ለአክብሮት ብድግ አለች፤ እግሯን እየጎተተች አንድ እርምጃ ስትራመድ አወቅኋት፤ ትርንጎ ናት። እሷ አላወቀችኝም። ያኔ ጥቁር ጎፈሬ ነበረኝ፤ አሁን ባርኔጣ ነው ያለኝ።

«እንዴት ዋሉ አባቴ» አለች። «እርስዎ ይንገሩልኝ በሞቴ። ልጆቹ አይሰሙኝም።»

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ። ከራጅ ነው ብሎ ማን ነገረሽ?»

«ሰው ሁሉ ይላል። ባሌም ቤተሰቡም። እኔ በእግሬ ምክንያት ዘግይቼ ነው ያገባሁ፤ ይችን ልጅም ተስንት ስለት በኋላ ነው ያገኘኋት። ዳዴ ስትል እግሯን ስትጎትት ሳይ ወገቤ ተቆረጠ። ተራጁ ነው አሉኝ። ሌላ እንዳልወልድ ፈራሁ፤ እሷንም እንደኔ እንዳያቃጥሏት ፈራሁ።»

ሰላም አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ቀስ ብላ አስረዳቻት። የዳሌ መውለቅ ከእናት ወደ ልጅ በዘር ሊሄድ እንደሚችል፣ ራጅ ተነስቶ በማያውቅ ቤተሰብም እንዲሁ እንደሚታይ ነገረቻት። ራጅ ከተነሳ ወላጅ ወደ ልጅ የተሻገረ ጉዳት በሰው ላይ በግልጽ እንዳልታየ፣ «አልታየም ብለን ግን አናባክነውም፤ ለዚህ ነው አንድ ብቻ የምናነሳው፣ መጠኑም ከድሮው በጣም ያነሰ ነው» አለቻት። በትክክል ተናገረች። እኔ ያን ያህል አላውቅም፤ በትርንጎ ላይ ምንም አልደረሰም ብዬ መማል ግን አልችልም። ማንስ ይምላል? ይሁንና ሴትዮዋ ስትሰማ ፊቷ ረገብ አለ። በልቤ «ተመስገን፣ ያለ እኔ አለቀ» አልኩ። ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር።

«አንድ ብቻ ተሆነስ እሺ» አለች ትርንጎ። «ግን ልጄ እንደኔ ብትሆንሳ? የኔ ጥፋት እኮ ነው ሁሉም። እረፊ እያሉኝ አላርፍ ብዬ እየተንቀሳቀስኩ ነው ያን ሁሉ የተነሳሁ። አባቴ መቱኝ፤ በነጠላቸው አሰሩኝ፤ አሁንም ተንቀሳቀስሽ ተባልኩ። ትንፋሼን ይዤ ነበር። የተንቀሳቀስኩ አይመስለኝም ነበር። ግን ሐኪሙ ተንቀሳቅሳለች አሉ። ሐኪም ይዋሻል?»

ሰላም ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ይንገሯታ፣ ልጆች ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ ይበሏት» ትለኛለች በዓይኗ። ቀላል መውጫ ነበር፤ በደግነት የተከፈተልኝ በር። ያን በር ሠላሳ ምናምን ዓመት ስወጣበት ስገባበት ኖሬያለሁ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ትርንጎ» አልኳት። ስሟን አልነገረችኝም ነበርና ደነገጠች። «ያ ሐኪም እኔ ነኝ። ሐኪምም አልነበርኩም። አልተንቀሳቀስሽም።»

ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰዓቱን፣ ዘፈኑን፣ አልማዝን፣ በር የያዘችውን እርሳስ፣ ጉድጓድ የጣልኩትን ፊልም። ሰላም አንገቷን ደፋች። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም የተሻለኝ የለም። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ፈልጌ አጣኋት፣ ለዚህ ትንሽ ሆነችብኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ አንድም ቀን አልተንቀሳቀስሽም» ብዬ ደገምኩ።

ትርንጎ ጓንቱን ከልጇ እጅ ወስዳ አግዳሚው ላይ አኖረችው። «አባቴ ተንቀሳቀሰች እንዳሉ ሞቱ» አለች። ብድግ ብላ ልጇን አቀፈችና ክፍሉ ገባች። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰላም የእርሳሱን ሽርጥ ለእናቲቱ ስታለብሳት፣ ለልጅቱም በሚገባት ቦታ መከለያ ስታደርግ ከውጭ አየሁ። «ወለላዬ፣ አትንቀሳቀሺ እሺ?» አለች ሰላም ልጅቱን። ትርንጎ ቀና ብላ፣ «ብትንቀሳቀስም አትቆጭያት» አለቻት። በሩ ተዘጋ።

አንድ ጊዜ ተነሳች። ምስሉ ኮምፒዩተር ላይ ወዲያው ወጣ፤ የሚነከር የለ፣ የሚሸት የለ። ሐኪሙ አየውና በጊዜ መምጣቷን፣ እግሯ ላይ ድጋፍ ተደርጎ የመቃናት ተስፋ እንዳላት ነገራቸው። ትርንጎ ልጇን አዝላ ስትወጣ እኔ አግዳሚው ላይ እንዳለሁ ነኝ። ታልፈኛለች ብዬ ነበር። ቆመች።

«ያባቴ ሙት ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ነው» አለችኝ። «ካህናቱም፣ ተማሪያቸውም፣ ዘመዱም ሁሉ ይሰበሰባል። በልጅነቴ የማታርፈዋ እያለ ያደገ ሰው ሁሉ እዚያ አለ። ለኔ ያሉኝን መጥተው እዚያ ይናገሩት።»

«እመጣለሁ» አልኳት።

አልማዝ የት እንዳለች አላውቅም፤ ሻይ ቤቷ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ልጄ ኅዳር ላይ ሙጃ በኩል ለምን እንደምሄድ ስትጠይቀኝ ለቅሶ አለብኝ አልኳት፤ ይኸውም ውሸት አይደለም። መነሻዬ ደርሷል። ከድንኳኑ መሀል ስቆም መሪጌታን የሚያክል ቃል አዋቂ ሞልቶ ይኖራል፤ እኔ ቅኔ አላውቅም፣ ማገላበጥም አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ሆኜ የምለማመዳት አንድ ቃል ናት፤ ድምፄ እንዳይሰበርብኝ እየደጋገምኩ እላታለሁ። አልተንቀሳቀሰችም።